ጀርባውን ለመንገድ የሰጠው ቤት

በቡርቃ ጃቶ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የግንባታ ፈቃድ ማስታወቂያ ቆሜ ሳነብ ሳቄ መጣ። ልጄ ደረጀ «እማዬ፣ ምን አገኘሽ?» አለኝ። ምን አገኛለሁ፤ የድሮ ሰው ያገኘሁ ያህል ሆኖብኝ ነው እንጂ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ይውጣ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ፈቀቅ ይባል፣ የቤቱ ፊት ወደ መንገድ ይሁን፣ የጣሪያ ውኃ ጎረቤት ላይ አይውረድ ይላል። ይህንኑ ነገር በጃንሆይ ዘመን፣ እዚሁ ነቀምቴ፣ ገበያ መሐል ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ግድግዳው ሁሉ ጭቃ ስለነበር ወረቀት አይዝም፤ ደንብ የሚለጠፈው ሰው ጆሮ ላይ ነበር።

የመጣነው አሮጌውን ቤታችንን አፍርሶ ባለ ሦስት ፎቅ ለመሥራት ፈቃድ ልናወጣ ነው። ልጄ ከነሚስቱ ፎቁ ላይ ይወጣል። እኔ ጉልበቴ ደረጃ እምቢ ስላለኝ ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት መርጫለሁ። አይከፋኝም፤ ቤቷ ትንሽ ብትሆንም ፀሐይ ታገኛለች። ወረፋው ረጅም ነበርና ደረጀ ፕላኑን ጠቅልሎ እንደያዘ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ሽማግሌ ወረፋ ሲጠብቅ የትም ደርሶ ይመለሳል፤ እኔም ወደዚያው ወደ ገበያው ሄድኩ።

ያኔ ነቀምቴ ዛሬ በባጃጅ ሽው የምትሉባት ከተማ አልነበረችም። ዋናው መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር። ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ ቡና የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ ከኋላቸው የጀንፈል ቡና ሽታ ይቀራል፤ ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ከአንድ መጋዘን በር ሲወጣ እግሬን ያስረዋል። አንድ ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ዕቃውን የሚያደርስለት ተሸካሚ ይፈልግ ነበር ብል አጋነነች ትሉኛላችሁ፤ እውነትም ትንሽ አጋንኛለሁ፤ ግን በስሙኒ የተገዛ ማር እንግዳ ተቀብሎ ለቤትም ይተርፍ ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ በመደዳ ተቀምጠው መኪናቸውን ሲያንኳኩ እኛ ሴቶቹ ሽንሽን ቀሚሳችንን እንለካለን፤ ወንዶቹ ካኪ ኮት አሰፍተው በሙቀት ላብ እያጠመቃቸውም አያወልቁትም። እሑድ እሑድ ከላይ ከደብሩ ቅዳሴ፣ ከታች ከወንጌላውያኑ ጸሎት ቤት በኦሮምኛ የሚዘመር መዝሙር፣ ከመሐል ከአንዱ ጠጅ ቤት ደግሞ የግራሞፎን ዘፈን ይመጣል። ነፋሱ እንደ ፈቀደው አንዱን ያቀርባል፣ አንዱን ያርቃል። የትኛው ለነፍሴ፣ የትኛው ለሥጋዬ እንደሆነ ለመለየት ጆሮዬን የማልቀስርበት እሑድ አልነበረም።

አባቴ ከሸዋ ለስልክ ሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔን ያገባኝ ገመቹ ግን የአገሩ ልጅ፣ የቡና መኪና ሾፌር ነበር። ያኔ ሾፌር ያገባች ሴት ዛሬ ፓይለት ያገባች ያህል ትታይ ነበርና እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው። ሾፌር ባል ማለት ግን የሌለ ባል ማለት መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። የቡና ወቅት ከገባ ገመቹን የማየው በእንግድነት ነው። ቤት የምንውለው እኔና እናቱ ነበርን።

እናቱን አዮ እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደ ማለት ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ምራት የባሏን እናትም አባትም በስም አትጠራም፤ ይህንን ያስተማሩኝ የእሱ ዘመዶች ናቸው፤ ከተማርኩት ሁሉ እስከ ዛሬ ያልረሳሁት እሱን ነው። አዮ አማርኛቸው ጥቂት፣ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ የገበያ ነበር። ይሁን እንጂ እኔና እሳቸው ሳንግባባ የቀረንበት ቀን ትዝ አይለኝም። እግራቸውን ያማቸው ስለነበር ከጎጇቸው ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ ነው የሚውሉት። የእኛ ጎጆ በመንገዱ ወገን፣ ከእሳቸው ጎጆ ፊት ለፊት ነበር። ጧት በሬን ስከፍት አዮ ቀድመው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ።

«ነጋ ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» ይሉኛል፤ በሰላም አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ነጋ። ነጋ ቡልተኒ፣ አዮ?» እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁርስ የሚበሉት። በሬ ሲከፈት ሳያዩ ምንም አይቀምሱም ነበር። አንድ ቀን ታምሜ አርፍጄ ብነሳ፣ ጎረቤት ያመጣላቸው ጭኮ ፊታቸው እንደተቀመጠ ዝንብ ሲከባት አገኘኋቸው። «ምነው አዮ?» ብላቸው «በሩ ሳይከፈት እህል በጉሮሮዬ አይወርድም» አሉኝ።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ማዘጋጃ ቤቱ ደንብ ያወጣው። ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው ተባለ፤ ማን እንደሆነ እንኳ አሁን ጠፍቶብኛል፤ ብቻ ከተማዋ ፊቷን ትታጠብ ተባለ። በገበያ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ አቶ ዘውዴ ብስክሌታቸውን ከዛፍ አስደግፈው ድንጋይ ላይ ወጡ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ። ወረቀቱን በአማርኛ ያነባሉ፤ ኦቦ ነገራ፣ ከእኛ አጥር አጠገብ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ከጎናቸው ቆመው ወደ ኦሮምኛ ይመልሳሉ። በዋናው መንገድ ዳር ያለ የሣር ቤት ይነሣል። በምትኩ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት በማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ይሠራል። በሩ ወደ መንገድ ይሆናል፤ የመንገዱ ወገን ግድግዳ ኖራ ይቀባል። ማድ ቤትና ሽንት ቤት ወደ ጓሮ ይገባሉ። ይህንን ያላደረገ ቦታው መሥራት ለሚችል ሰው ይሰጥበታል።

ኦቦ ነገራ የመጨረሻዋን ሲተረጉሙ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ቦታችን መንገዱን ታክኮ ነበር። ያ ቦታ የገመቹ አባት አጥር ያጠሩበት፣ አዮ ልጆቻቸውን የወለዱበት ነው።

ገመቹ በሚቀጥለው ጉዞው ከአዲስ አበባ ቆርቆሮና ሚስማር በቡናው መኪና ጭኖ መጣ። አራግፎ፣ «ፈቃዱን አንቺ ጨርሺ፤ ደቦውን ኦቦ ነገራ ይጠራሉ» ብሎኝ ተመልሶ ወደ ደምቢ ዶሎ ወረደ። ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው «የቦታው ባለቤት ማን ይባላሉ?» አለኝ። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ። «የባለቤቱን ስም አታውቂም?» አለኝ። አውቃለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማርና የባሌ አባት ናቸው፤ ግን እንዴት ብዬ ልጥራቸው። ጸሐፊው የሰው ቦታ ልሰርቅ የመጣሁ መስሎት ዓይኑን ሲያጠብብኝ፣ ከኋላዬ ወረፋ የያዙ፣ ቤተሰባችንን የሚያውቁ አንድ አዛውንት ነገሩ ገባቸውና «ምራት ናት እኮ፣ ምን ነካህ» ብለው ስሙን ጠሩልኝ። ፈቃዱ ወጣ። አቶ ዘውዴ ቦታችን ድረስ መጥተው በሲባጎ ለክተው፣ ቤቱ የሚያርፍበትን አራት ማዕዘን በችካል ምልክት አደረጉ። «ከዚህ አንዲት ስንዝር ወደ መንገድ እንዳትወጡ። በሩ በዚህ በመንገዱ በኩል ነው» አሉኝና ብስክሌታቸውን ነድተው ሄዱ።

የደቦው ቀን የሠርግ ቀን ይመስል ነበር። የአገሩ ወንድ ሁሉ ባሕር ዛፍ ተሸክሞ መጣ። ጧት ቋሚው ተተከለ፣ ማገሩ ተመታ፣ ጎረምሶቹ ጭቃውን ከጭድ ጋር እየረገጡ አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ዘፈኑ ኦሮምኛ ነው፤ ትርጉሙ ሰነፉን የሚሰድብ ነበርና ማንም ሰነፍ ሆኖ መታየት አልፈለገም። እኛ ሴቶቹ በአዮ ጎጆ በኩል ሆነን ስንቀቅል፣ ስናቦካ፣ ስናቀርብ ዋልን። ቀና ስል የአዲሱ ቤት በር ይታየኛል። ደስ አለኝ። ሁሌም ከዚያ ወገን የማውቀው በር ስለሆነ ምንም አልጎረበጠኝም። አዮም በርጩማቸው ላይ ሆነው ወደዚያው ያያሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግድግዳው ሁሉ ተለስኖ አለቀ፤ ሰው መርቆ፣ ተመራርቆ ሄደ።

በማግስቱ አቶ ዘውዴ ሊያዩ መጡ። ብስክሌታቸውን መንገድ ዳር አቁመው ግድግዳውን አዩት። ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ወደ ግራ ሄዱ። ከዚያ ቤቱን ዞረው ጓሮ መጡና በሩን አገኙት።

«ወይዘሮ፣ ይህ ቤት ከመንግሥት ጋር ተኳርፏል እንዴ?» አሉኝ። «ጀርባውን ሰጥቶናል እኮ።»

ያኔ ነው ዓይኔ የተገለጠው። ወደ መንገዱ ወጥቼ ሳየው፣ አንዲት ቀዳዳ የሌላት ረጅም እርጥብ ግድግዳ መንገዱን አኩርፋ ቆማለች። ችካሉን ማንም አላለፈውም፤ ቤቱ ያረፈው ልክ በተባለበት ነው። ኦቦ ነገራ ተጠሩ። ደንቡን በገዛ አፋቸው ለገበያው ሁሉ የተረጎሙት ሰው ናቸው፤ የበሩንም ቋሚ በገዛ እጃቸው ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

«ልጅ በሩን ወደ እናቱ ነው የሚከፍተው» አሉ ቀስ ብለው። «ቤት የሠራሁ ቀን ሁሉ እንዲህ ነው የሠራሁት። ደንቡን አፌ ያውቀዋል፤ እጄ ግን አያውቀውም።»

አቶ ዘውዴ አልሳቁም። «ይገባኛል አባቴ። ነገር ግን ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። እንግዳው ሲያልፍ እዚህ ቦታ ላይ በር ካላየ የምጠየቀው እኔ ነኝ። በሩን ካላዞራችሁ ቤቱ ይፈርሳል፤ ቦታውም ይሄዳል» አሉ።

«በመንገዱ በኩል ሌላ በር እንቅደድለት» አልኩ እኔ።

«ሂን ታኡ» አሉ ኦቦ ነገራ፤ አይሆንም ማለት ነው። «ሁለት በር ያለው ቤት በረከት አያድርበትም። በአንዱ ገብቶ በአንዱ ይወጣል። ወይ ያንን ነው፣ ወይ ይኼንን።»

 አንዱ ጎረምሳ ሁሉንም ለአዮ በኦሮምኛ ነገራቸው። አዮ ከበርጩማቸው ሳይነሡ አዳመጡና እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

«ዝጉት» አሉ። «የልጄ ቤት ከሚፈርስ የኔ በር ይዘጋ። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ግድግዳ ባይ ምን እሆናለሁ?»

እንዲህ አሉና ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ጎረምሶቹ አካፋ አነሡ። እኔ አልቻልኩም። ከአቶ ዘውዴ ፊት ቆሜ፣ ዕንባዬ እየወረደ፣ ስለ ቁርሱ ነገርኳቸው፤ በሩ ሳይከፈት እንደማይበሉ፣ ገመቹ ወራቱን መንገድ ላይ እንደሆነ፣ ግቢው ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ እንደሆንን። አቶ ዘውዴ አዳመጡኝ። ከዚያ ሄደው ከአዮ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ያ ባርኔጣ ከራሳቸው ሲወርድ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ከዚህ ሆነው ምን ይታይዎታል፣ እማማ?» አሉ። እኔ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ለአዮ ተረጎምኩላቸው።

አዮ ቀና ብለው አዩአቸው። «ልጄ መንገድ ላይ ነው። የሱን በር አላየውም» አሉ። «የሷን አየዋለሁ። እሷ ደህና ካደረች እሱም ደህና አድሯል እላለሁ፤ ያኔ እበላለሁ።»

ይህንን መተርጎም አቃተኝ። መጀመሪያውን ብዬ ተውኩት፤ የቀረውን ኦቦ ነገራ ጨረሱልኝ። ለእኔ ብለው እንደሚጠብቁ እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር። የልጃቸውን ሚስት እንጂ እኔን ያዩኛል ብዬ አላሰብኩም።

አቶ ዘውዴ ባርኔጣቸውን መልሰው ተነሡ። «ደንቡ በር ወደ መንገድ ይሁን አለ እንጅ በጓሮ በር አይኑር አላለም» አሉ። «በበኩሌ ሁለት በር ቢሆን አልከለክልም። ከበረከቱ ጋር ግን እናንተው ተነጋገሩ።»

ኦቦ ነገራ አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይኼን ጊዜ አዮ «ማሎ፣ ነገራ» ብለው ለመኗቸውና ምርኩዛቸውን አንሥተው መሬቱ ላይ መሥመር ጫሩ። አራት ማዕዘን ሠሩ። በአንዱ ወገን ጫፍ ላይ አንድ ነጥብ፣ በማዶው ወገን ግን በሌላው ጫፍ ሌላ ነጥብ አደረጉ። «ፊት ለፊት ከሆኑ ነው ነውሩ» አሉ። «በረከት ቀጥ ያለ መንገድ ሲያገኝ ያልፋል። መታጠፊያ ሲያገኝ ግን ይቀመጣል፤ እሱም እንደኛ ይደክመዋል።»

ይህ ከአያቶች የወረደ ይሁን ወይስ እዚያው የፈጠሩት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኦቦ ነገራ መሥመሩን አዩ፣ አዮን አዩ፣ ከዚያ «ቶሌ» ብለው ተስማሙ። አቶ ዘውዴ ሲባጎአቸውን አውጥተው አዮ በጫሩት ልክ የመንገዱን በር ከግድግዳው በስተ ቀኝ ጫፍ ለኩ፤ ፈቃዱም ላይ የጓሮውን በር በእጃቸው ጨመሩበት። ጭቃው ገና እርጥብ ስለነበር ግድግዳው እንደ ቅቤ ተቆረጠ። ያ የእርጥብ ጭቃና የጭድ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ገመቹ ሲመለስ ቤቱን ዞሮ ዞሮ «የትኛው ነው የኛ በር?» አለኝ። «ያኛው የማዘጋጃ ቤቱ፣ ይኼኛው የአዮ ነው» አልኩት። ሳቀና በአዮ በር ጎንበስ ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲህም የገባው በዚያው ነው። ትልቁ ሰው መጥቶ ይሁን ቀርቶ እንጃ፤ የመንገዱ በር ግን በኖራ ያበራ ነበር። እንግዳ፣ ጸሐፊ፣ ግብር ሰብሳቢ በዚያ ይመጣል። በረከቱ እውነትም ሳይታጠፍ አልቀረም፤ ልጆቼ ተወለዱ፤ ደረጀ በዚያች በጓሮ በር ደፍ ተንፏቆ ነው መሄድ የተማረው፤ አያቱ ማዶ ሆነው በምርኩዛቸው እየጠሩት።

ነጋ ቡልቴ፣ ነጋ ቡልተኒ እየተባባልን ብዙ ክረምት አለፈ። አንድ ጧት በሬን ስከፍት የአዮ በር አልተከፈተም ነበር። ደፉ ላይ ቆምኩ። ትንሽ ልጠብቅ፣ አርፍደው ይሆናል፣ ብርድ ይሆናል አልኩ። ነገሩ ግን ገብቶኝ ነበር። ያ በር የተቀደደው እሳቸው እኔን እንዲያዩ ነው ብዬ ነበር ያን ያህል ዘመን የኖርኩት። ለካ እኔም እሳቸውን ሳላይ ቁርስ በልቼ አላውቅም። ያን ዕለት እህል በጉሮሮዬ አልወረደም። 

«እማዬ፣ ደርሶናል» አለ ደረጀ ክንዴን ይዞ። መሐንዲሷ የልጅ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። «አዴ፣ ማሎ ታኣ» ብላ ወንበር ሰጠችኝ፤ ወይዘሮ፣ ተቀመጡልኝ ማለቷ ነው። ከልጄ ጋር በኦሮምኛም በአማርኛም እያቀላቀሉ ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። እኔም መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። መሥመሩ ብዙ ነው፤ ቀለሙም ያምራል። በመንገዱ በኩል ሰፊ የመስተዋት በር አለ። ጣቴን ወደ ጓሮው ወገን ወሰድኩት። ከዳር እስከ ዳር ድፍን ነው።

«የጓሮው በር የታለ?» አልኩ።

«በጓሮ በኩል መታጠቢያ ቤቶቹ ናቸው እማዬ» አለ ደረጀ። «ወደ ሰርቪሱ በጎን ባለው መተላለፊያ እንመጣለን። በር ለምን ያስፈልጋል?»

 ሳልናገር የሚገባው ልጅ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ግን ሰው ሥራ ሲበዛበት የሚረሳው ነገር አለ። ጣቴን እዚያው ድፍኑ ላይ እንዳደረግሁ ቆየሁ።

መሐንዲሷ አየችኝ። «በር ቢኖረው ደንቡ አይከለክልም» አለች። «ግን አዴ፣ ከኋላ ማን አለ?»

«እኔ አለሁ» አልኳት።

ደረጀ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። ፕላኑን አየ፣ ጣቴን አየ። ከዚያ እርሳሱን ከመሐንዲሷ እጅ ተቀበለና፣ በድፍኑ ግድግዳ ላይ፣ ከመስተዋቱ በር ራቅ አድርጎ በሌላኛው ጫፍ፣ አንዲት ትንሽ ምልክት አደረገ።

«ፊት ለፊት እንዳይሆን ነው፣ አይደል አዮ?» አለኝ።

አዮ ብሎ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር።